ስኳርና ሰዓት፦ በጅማ የስኳር ሕመምን ይዞ ለሚውል ሰው

አንድ ሰው «ስኳር አለብህ» ተብሎ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው የስኳር ዕቃውን ከረከቦቱ ላይ ማንሳት ነው። ደግ ነው፤ ዋናው ሥራ ግን እሱ አይደለም። የስኳር ሕመም የምግብ ጉዳይ የሆነውን ያህል የሰዓት ጉዳይም ነው። መድኃኒቱ፣ ምግቡና የሰውነት እንቅስቃሴው እየተጠባበቁ መሄድ አለባቸው። ኪኒኑን በጠዋት ውጦ ቁርሱን እስከ ረፋድ ያቆየ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። መርፌውን ዘሎ ቀኑን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የዋለው ደግሞ ስኳሩ ይወጣል። ሁለቱም የስኳር ዕቃውን አልነኩም።

እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ በቆሎም ሆነ ቆጮ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆናል። ግሉኮሱ ከደም ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በዓይነት አንድ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን አቁሟል፤ ያለ መርፌ መኖር አይቻልም። በዓይነት ሁለት ኢንሱሊኑ አለ፣ ሰውነት ግን እንደ በፊቱ አይታዘዘውም፤ ዓመታት ሲያልፉም መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው በኪኒን የጀመረ ሰው ኋላ መርፌ የሚያስፈልገው። «መርፌ ከጀመርክ አለቀልህ፣ ሱስ ነው» የሚባለው ብዙ ሰው አጎሳቁሏል። ኢንሱሊን ሱስ አያስይዝም፤ የጎደለውን ይተካል እንጂ።

ቁጥሮቹ

ሳይበሉ አድረው የሚለካው ስኳር 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ፣ ወይም ውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ክሳት ኖሮ በማንኛውም ሰዓት 200 እና በላይ ከተገኘ የስኳር ሕመም ነው። ሕክምና ላይ ላለ አዋቂ የተለመደው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ብዙ ሰው «የሦስት ወር ስኳር» የሚለው ምርመራ ከ7 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድ ሰዎች ሐኪሙ ግቡን ላላ ያደርገዋል። የጎረቤትዎ ቁጥር የእርስዎ ግብ አይደለም።

ከውጭ የመጣ መለኪያ 7.2 ወይም 11 የሚል ቁጥር ሲያሳይ ደስ የሚለው ሰው አለ። ስኳሩ ወርዶ አይደለም፤ ማሽኑ በሌላ አሃድ (ሚሊ ሞል በሊትር) እየቆጠረ ነው። በ18 ያባዙት፤ 7.2 ማለት 130 ገደማ ነው፣ 11 ማለት 198 ነው።

ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማንጎ የላጠ ወይም ማር የነካ ጣት 120 የነበረውን ስኳር 250 ሊያስመስለው ይችላል፤ አልኮል ብቻ መቀባት ደግሞ የፍራፍሬን ስኳር ሁልጊዜ አያስለቅቅም። የጣትዎን ጫፍ መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ደሙ እንዲወጣ ጣቱን አጥብቀው አይጭመቁ፤ እጅዎን ወደ ታች አንጠልጥለው ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ ብለው ይግፉት። ስትሪፕ፣ ማለትም ደሙ የሚነካው የመለኪያ ቁራጭ፣ በእርጥበት ይበላሻል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣውም። አንዱን ስትሪፕ እንዳወጡ ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ፣ ስትሪፖቹን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ፣ ጊዜው ያለፈበትንም አይጠቀሙ።

ስትሪፕ ውድ ነው። በቀን አራቴ መለካት ካልተቻለ የሚለኩበትን ሰዓት ያፈራርቁ፦ ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ ረቡዕ ከምሳ በፊት፣ ዓርብ ከመኝታ በፊት። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ይኖራል። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ሰዓት የሌለው ቁጥር ለሐኪሙ ብዙም አይነግረውም።

የመድኃኒቱ ሰዓት

መጀመሪያ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ። «8 ሰዓት» የተባለው የፈረንጁ ከሆነ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ፋርማሲ ቆመው «ጠዋት ነው ቀን?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳበቃ ይዋጣል። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣልም፤ ይህ በጀመሩበት ሰሞን የተለመደ ነው፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ግሊቤንክላማይድ፣ ብዙዎች ዳኦኒል የሚሉት፣ ሌላ ነው። ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይዋጣል፤ ከተዋጠ በኋላ ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ ይወተውታል። ስለዚህ ምግቡ መቅረቡን ሳያረጋግጡ አይውሰዱት። ምግብ የማይበሉበት ቀን ከሆነም እንዳይውጡት። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አደጋው የበለጠ ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን፣ ኤን ፒ ኤች የሚባለው፣ ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፤ ጉልበቱ የሚበረታው ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ላይ ይህ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ይሆናል። ምሳ የዘለለ ሰው 8 ሰዓት ላይ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ማታ 1 ሰዓት የተወጋው ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይበረታል፤ አንሶላ በላብ ርሶ ማደር፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታት የሌሊት መውረድ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይለካ። ጥርት ያለው ሬጉላር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል።

አወጋጉ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ደመናማውን ብልቃጥ አይነቅንቁ፤ በሁለት መዳፍ መሐል 10 ጊዜ ያንከባሉት፣ 10 ጊዜ ይገልብጡት። ሳይደባለቅ ከተቀዳ አንድ ቀን ውሃውን፣ ሌላ ቀን ዝቃጩን ይወጋሉ፤ ስኳሩም ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል። በ100 ዩኒት ስሪንጅ ላይ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፣ በ50 ዩኒቱ ላይ 1 ዩኒት። ፋርማሲው ስሪንጁን ከቀየረብዎ መስመሩን ደግመው ይቁጠሩ። ሁለቱን ኢንሱሊን በአንድ ስሪንጅ እንዲቀላቅሉ ከታዘዙ አየሩን መጀመሪያ ወደ ደመናማው፣ ቀጥሎ ወደ ጥርቱ ይግፉ፤ ሲቀዱ ግን ጥርቱ ይቅደም፣ ደመናማው ይከተል። ከተገለበጠ ደመናማው ወደ ጥርቱ ብልቃጥ ይገባና ያበላሸዋል።

ከእምብርት ሁለት ጣት ርቀው ሆድ ላይ፣ ወይም ጭን ላይ በፊት ለፊትና በውጭው በኩል ይውጉ። መርፌውን ከማውጣትዎ በፊት እስከ 10 ይቁጠሩ። በየጊዜው ቦታውን ቢያንስ በአንድ ጣት ያህል ያራርቁ። አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ከሥሩ ድድር ያለ እብጠት ይወጣል፤ እዚያ ሲወጉ ስለማያም ሰው ይወደዋል፣ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ በወጉ ወደ ደም አይገባም። እብጠቱን ትቶ ወደ ጤነኛ ቦታ የሚዛወር ሰው በድሮው መጠን ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፣ በእነዚያ ቀናትም ደጋግሞ ይለካ።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ሥር ወይም የኋላ ግድግዳውን አስጠግተው አያስቀምጡት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል። የተከፈተው በቤት ሙቀት፣ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ፣ 4 ሳምንት ይቆያል። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 30 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ33 ቀን ስለሚጨርሰው መጨረሻ ላይ ጥቂት ትተርፋለች። አንጀት አይችልም፣ ግን ይጣል።

መብራት ሲጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይበቃል፦ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ያኑሩ፣ መሐሉን በአሸዋ ሞልተው አሸዋውን ያርጥቡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፣ ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ላይ ያስቀምጡ። ማሰሮው የሚቀዘቅዘው ውሃው በመትነኑ ስለሆነ በበጋ ደህና ይሠራል፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ አየር ግን ይደክማል። ደግነቱ ያኔ ሙቀቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሲወርዱ ሲወጡ ብልቃጡን መኪናው ጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይተዉት፤ በጨርቅ ጠቅልለው በእጅ ቦርሳዎ ይያዙት።

ቡና፣ እንጀራ፣ ጁስ

ቡናው አይጎዳም፤ ስኳሩ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ለየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ከገባ ስድስት ማንኪያ ነው፤ አንዱን ማንኪያ በ4 ግራም ብንይዘው 24 ግራም ስኳር፣ ያውም ከሁለት ምግቦች መሐል። ጅማ ውስጥ በቀን ሁለቴ ቡና የሚጠራ ጎረቤት የሌለው ስለማይኖር በየቤቱ «ለኔ መራራ» ማለትን ቶሎ መልመድ ይሻላል። በአንድ ጊዜ መተው ከከበደ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ከቡናው ጋር የሚመጣውም ይቆጠራል፤ ከቆሎና ከዳቦ አንዱን፣ እሱንም አንድ እፍኝ ወይም አንድ ቁራሽ ብቻ።

ማር ስኳር ነው። ንጹሕ የጅማ የጫካ ማር ቢሆንም ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ገደማ ይይዛል። ብርዝም እንዲሁ።

ትሪው ላይ ያለውን በዓይን መክፈል ከመመዘን ይቀላል። ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶልያ ይሁን፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ዕንቁላል ወይም ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ። የአልጫው ድንችና ካሮት አትክልት ቢመስሉም ድንቹ የሚቆጠረው ከእንጀራው ወገን ነው። አብሮ መብላት እዚህ ያስቸግራል፤ ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻም አለ። ድርሻዎን አስቀድመው ቆርጠው ከፊትዎ ያድርጉ፣ ጉርሻው ከወጡ እንዲሆን ይጠይቁ። ገንፎ፣ ጨጨብሳና ቡላ ቶሎ ስኳር የሚያወጡ ናቸው፤ ሲበሉ በትንሽ ሳህን፣ ከዕንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር ይሁን። በሶም በውሃ ተበጥብጦ ስኳር ሲገባበት ከለስላሳ አይለይም።

አቮካዶ በጣም ጥቂት ስኳር ያለው ፍሬ ነው፤ ጁስ ቤት ሲደርስ ግን ስኳርና ቪምቶ ይጨመርበታል። «ስኳርም ቪምቶም እንዳይገባ» ብለው ሎሚ ይጠይቁ። ሙዝ፣ ማንጎና ብርቱካን አልተከለከሉም፤ አንድ ትንሽ ሙዝ ወይም አንድ ብርቱካን በአንድ ጊዜ ይበቃል፣ ያውም ተልጦ ተበልቶ እንጂ ተጨምቆ አይደለም።

አብሽ፣ ሺፈራው፣ ሬት «መራራ ስለሆነ ጣፋጩን ያጠፋል» እየተባለ ይወሰዳል። የምላስ ጣዕምና የደም ስኳር እንዲህ አይገናኙም። አብሽ መጠጣቱ ሳይሆን ኪኒኑን አቁሞ እሱን መያዙ ነው ሰውን ሆስፒታል የሚያገባው።

ስኳር ሲወርድ

ከ70 በታች መውረድ ነው፤ ከ54 በታች አደገኛ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ረሃብ ይመጣል፤ ከዚያ ዓይን ይደበዝዛል፣ ንግግር ይወላገዳል፣ ሰውየው ይቆጣል ወይም ይፈዛል። መንገድ ላይ «ሰክሯል» ተብሎ፣ ቤት ውስጥ «ለክፎታል» ተብሎ ውድ ደቂቃ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ መለኪያ ቢጠፋም እንደወረደበት ቆጥረው ይርዱት።

ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጠው ይጠጣ፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ይህ 15 ግራም ያህል ነው። 15 ደቂቃ ይጠብቁና ይለኩ፤ ከ70 ካልዘለለ ይድገሙ። ከተሻለ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ፤ ያለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። እንጀራን ለመጀመሪያ እርዳታ አይጠቀሙ፣ ይዘገያል፤ ስኳር የለሽ ለስላሳም ምንም አያደርግም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይጨምሩ፣ ወደ ሳንባው ይገባል፤ በጎኑ አስተኝተው በባጃጅም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ያድርሱት። የወረደበት ግሊቤንክላማይድ በሚወስድ ሰው ላይ ከሆነ ነቅቶ ቢያወራም ይወሰድ፤ መድኃኒቱ ገና ስላላለቀ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሊጥለው ይችላል።

ጫት ይህን ሁሉ ያደናግራል። የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እራቱን ይረሳል። የልብ ምቱና መቅበጥበጡ የምርቃና ይሁን የመውረድ አይለይም። መሐል ላይ የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ስኳሩን ያወጣዋል፣ ሲነሡ ደግሞ ባዶ ሆድ፣ መርፌና እንቅልፍ ማጣት አሉ። መተው ይበጃል። የማይተው ሰው ግን ሳይበላ አይቀመጥ፣ የሚጠጣው ውሃ ይሁን፣ እራት ሳይቀርብ የማታውን መርፌ አይውጋ፣ ከመኝታ በፊት ይለካ። አረቄም በባዶ ሆድ ሌሊቱን ስኳር ያወርዳል።

ጉልበት ሥራ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እግር ጉዞ ኢንሱሊን የተሻለ እንዲሠራ ያደርጋል። ከምግብ በኋላ 20 ደቂቃ በአዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ መራመድ ይበቃል፤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ግን ሌላ ሒሳብ ነው፣ መለካትና ከረሜላ ይፈልጋል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስበው ይወርድበታል። ቀኑን ሙሉ መልቀምና መሸከም ስኳሩን የሚያወርደው በሥራው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻው የጨረሰውን ሌሊት ሲተካ ከደም ስለሚስብ ሌሊቱንም ይቀጥላል። ለቀማው ሳይጀመር ክትትል ቦታ ሄደው መጠኑን ያስተካክሉ፤ እርሻ ላይ ኪስዎ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ አራት ማንኪያ ስኳር ይኑር፣ አብሮዎት የሚለቅም አንድ ሰውም ይወቅ።

ጾም

ቁርአን የታመመን ሰው ከረመዳን ጾም ነጻ አድርጎ ቀኑን በሌላ ጊዜ እንዲተካ ፈቅዷል፤ ኦርቶዶክሳዊም የንስሓ አባቱን ማነጋገር ይችላል። ዓይነት አንድ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ክፉኛ የወረደበት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ባይጾም ይሻላል። የሚጾም ካለ አንድ ወር አስቀድሞ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ያዛውር፤ በራስ ማዛወር አደጋ አለው። ሱሑር እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይዘግይ። በቀን ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ ወዲያው ይፈታ፤ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ቢሆንም። በቴምር ማፍጠር ይቻላል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ፍሬ። በኦርቶዶክስ ጾም ዋናው ስህተት ሥጋና ወተት ሲቀር ትሪው ዳቦ፣ ፓስታና ድንች ብቻ መሆኑ ነው፤ ሽሮውንና ምስሩን ያብዙ።

እግር

ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር መደንዘዝ ይጀምራል፤ ያኔ ሚስማር የወጋው ሰው አይሰማውም። ማታ ማታ መብራት ሥር እግርዎን ይመልከቱ፣ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን ያስፈትሹ፣ በጣቶቹ መሐልም። በለብታ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቀቱን በክርንዎ እንጂ በእግርዎ አይለኩ። የጣት መሐሉን ያድርቁ፤ ቫዝሊን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ይቀባል፣ ጣት መሐል አይቀባም፣ እርጥበት ይይዝና ያቆስላል። ጫማ ሲገዙ እግር ትንሽ አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ። በክረምት ቦቲ ያለ ካልሲ አይደረግም፣ ይፍቃል። ሙጃሌ ከገባ በመርፌ ወይም በእሾህ አይቆፍሩት፣ ጤና ጣቢያ ያስወጡት። የደነዘዘ እግር ከሰል አጠገብ አይሞቅም፤ ሽታው ሳይመጣ መቃጠሉ አይታወቅም።

ሌላ ሕመም ሲጨመር

ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች ባይበሉም እንኳ ስኳርን ያወጣሉ። ስለዚህ «አልበላሁም» ብሎ ኢንሱሊንን ጨርሶ ማቆም፣ በተለይ ዓይነት አንድ ላለበት፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ደሙን ወደ አሲድ ይለውጠዋል። ሜትፎርሚንን ግን የሚያስመልሰውና ተቅማጥ የያዘው ሰው እስኪሻለው ድረስ ስለማቆሙ ይጠይቅ። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ኦ አር ኤስ ስኳር ስላለበት አይፍሩት፤ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ብቻ ነው፣ የውሃ እጥረቱ ይብሳል። በየአራት ሰዓቱ ይለኩ። ትውከት ውሃ አላስቀምጥ ካለ፣ ስኳሩ ደጋግሞ ከ300 በላይ ከሆነ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይም ሰውየው ከፈዘዘ ሳይነጋ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። የጠቆረ ወይም የሚሸት የእግር ቁስልም ቀጠሮ አይጠብቅም።

ለመደበኛው ክትትል ሲሄዱ ደብተሩን፣ መለኪያውን፣ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዙ፤ ጫማና ካልሲ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፣ እግር እንዲታይ ራስዎ ይጠይቁ። በዓመት አንዴ የዓይን ምርመራ፣ የሽንት ፕሮቲንና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል፤ ዓይን ደህና እያየ መሆኑ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም፣ ጉዳቱ ከውስጥ የሚጀምረው ሳይታወቅ ነው። ሳይበሉ ለሚሰጥ የደም ምርመራ በተቀጠሩበት ጠዋት ኪኒኑንም መርፌውንም ቤት አይውሰዱ፤ ከነቁርስዎ ቋጥረው ይዘው ይሂዱ፣ ደሙን እንደሰጡ መድኃኒትዎን ወስደው ይብሉ።